ሦስት ሊትር

ጠጠሩን ሰጡኝ። ክዳን ባላት ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ አድርገው፣ ስሜን በላይዋ ጽፈው፣ «ይኸው ንብረትዎ» ብለው ሰጡኝ። ከባቄላ ፍሬ ከፍ ይላል፤ ቡናማ ነው፤ ጠርዙ ሻካራ ነው። ለሁለት ዓመት ሌሊት ሌሊት ከአልጋ ሲያስወርደኝ የኖረው ይኼ ነው? «የጎን ውጋት» የሚለውን ፈሊጥ ለተማሪዎቼ ስንቴ አስረድቻለሁ። «ሁልጊዜ የሚያስቸግር፣ እረፍት የሚነሣ ሰው ወይም ነገር ማለት ነው» እያልኩ በጥቁር ሰሌዳ ላይ እጽፍ ነበር። ለካ ሳላውቀው ነው ያስተማርኩት!

ነገሩ እንዲህ ነው። በታኅሣሥ ወር ስለ ሥነ ጽሑፍ እንዳወራ ተጋብዤ ሐረር ሄድኩ። ከመናገሬ በፊት በነበረው ሌሊት ግን ጎኔ ቀድሞኝ መናገር ጀመረ። ምን ልበላችሁ፣ ሴቶች ምጥ የሚሉት ነገር በወንድ ላይ ቢመጣ እንዲህ ሳይሆን አይቀርም። ሁለት ልጆች የወለደች ነርስ «ከምጥ አይተናነስም» ብላ መስክራልኛለችና ማጋነን አይባልብኝ። ጠጠሩ መጠኑ አልፎ ነበርና በማግስቱ ጎኔ ተከፈተ። ከሆስፒታል ስወጣ ሐኪሙ ትእዛዙን በጣቱ እየቆጠረ ነገረኝ። ከባድ ዕቃ አያንሱ። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይራመዱ። ጨው ይቀንሱ። ከአምስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ በመኪና ተንገጫግጬ አዲስ አበባ እገባለሁ ብለው ለሦስት ሳምንት እንዳያስቡ። በመጨረሻም አውራ ጣቱን ያዘና፣ «ከሁሉም በላይ ውሃ! በቀን ሦስት ሊትር። ሽንትዎ ነጣ ካላለ አልጠጡም ማለት ነው» አለኝ።

ሦስት ሳምንቱን የት ልሁን? ዱሮ ያስተማርኩት፣ ዛሬ እሱም መምህር የሆነ አንድ ልጅ፣ «ጋሼ፣ እናቴ ቤት ነው የሚያገግሙት፤ አብሽር!» አለና ወደ ድሬ ጠያራ ወሰደኝ።

ድሬ ጠያራ ከሐረሪ ክልል የገጠር ወረዳዎች አንዱ ነው። ሶፊ፣ ኤረር፣ ድሬ ጠያራ ይባላሉ፤ ሌሎቹ ወረዳዎች የከተማው ናቸው። ስሙ ለቃላት ሰው ደስ ይላል። «ድሬ» በኦሮምኛ ሜዳ ነው። «ጠያራ» ከዓረብኛ የመጣ ነው፤ አውሮፕላን ማለት ነው። እንግዲህ የአውሮፕላን ሜዳ ላይ አረፍኩ ማለት ነው። ማሽላውና ጫቱ፣ ማንጎውና ኦቾሎኒው ባለበት አገር፣ ግድግዳው በጭቃ ተመርጎ ጣሪያው ቆርቆሮ በለበሰ ቤት፣ በስተደጃፉ ፀሐይ የምትገባበት መደብ ላይ።

የተማሪዬ እናት ስድሳውን አለፍ ያሉ ሴት ናቸው። አማርኛቸው ጥቂት ነው፤ የኔም ኦሮምኛ ከእሳቸው አማርኛ አይበልጥም። ልጃቸው ሥራ ሲውል በምልክትና በፈገግታ ነበር የምንግባባው። ሐኪሙ የሰጠኝን ትእዛዝ ግን ልጃቸው አንድ ጊዜ ተርጉሞላቸው በቃል ይዘውታል። በየሰዓቱ በብርጭቆ ውሃ ይዘው ይመጡና፣ «ዱጋ!» ይሉኛል። ጠጡ ማለት ነው፤ በአክብሮት። ተማሪዬ ማታ ሲመጣ አንድ ነገር ነገረኝ፤ በኦሮምኛ «ዱጋ» ማለት እውነትም ማለት ነው። ጠጡ ሲሉኝ እውነት እያሉኝ ነው። ሥነ ጽሑፍ ላስተማረ ሰው ከዚህ በላይ ምን ስጦታ ይሰጠዋል?

መደብ ላይ ተጋድሞ ውሃ መጠጣት ጊዜ ይተርፈዋል። እኔም ከእኔ በፊት በዚህ በሽታ ያለፉትን ማሰብ ያዝኩ።

መጀመሪያ የመጣልኝ ሞንታኝ ነው። እናንተ አሁን የምታነቡትን ዓይነት ጽሑፍ፣ ወግ የምንለውን፣ በአውሮፓ መልክ ያስያዘው ይህ የ16ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊ ነው። ክፍል ውስጥ ስለሱ ሳስተምር ስለ ጥርጣሬው፣ ስለ ነፃ አእምሮው አወራ ነበር። የኩላሊት ጠጠር ሲያሠቃየው እንደኖረ፣ አባቱም በዚሁ ሕመም እንደሞቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1580 ከቤቱ ወጥቶ በስዊስና በጀርመን አቋርጦ ጣልያን ድረስ የሄደው በከፊል ጠበል የመሰለ ፍልውሃ ፍለጋ እንደነበር አንድም ቀን አንሥቼ አላውቅም። የጉዞ ማስታወሻውን ያነበበ ሰው ያስቃል። በየጠዋቱ ስንት ብርጭቆ እንደጠጣ፣ ስንት እንደሸና፣ ጠጠር ይውጣ አይውጣ ጽፏል። ያ ማስታወሻ እ.ኤ.አ. በ1770 ከአንድ ሣጥን ውስጥ ተገኝቶ ከ4 ዓመት በኋላ ሲታተም፣ የጨዋ ሰው ሽንት በመጽሐፍ ይወጣል ወይ ብለው ያፈሩ አንባቢያን ሳይኖሩ አይቀሩም። ዛሬ እኔ መደቡ ላይ ሆኜ ስቆጥር፣ ከሞንታኝ ድርሰቶች ሁሉ በጣም የገባኝ ያ ነው።

ሁለተኛው እንግሊዛዊው ሳሙኤል ፒፕስ ነው። እ.ኤ.አ. ማርች 26 ቀን 1658 የፊኛውን ጠጠር አስወጣ። ማደንዘዣ የለም። በሽተኛው በገመድ ይታሠራል፣ ጠንካራ ሰዎች ይይዙታል፣ ሐኪሙ ደግሞ ይፈጥናል። ጥሩ ሐኪም ማለት ፈጣን ሐኪም ማለት ነበር። የወጣው ጠጠር የቴኒስ ኳስ ያህል ነበር ይባላል። ልብ በሉ፣ ፒፕስ የታከመውና ያገገመው ሆስፒታል ውስጥ አይደለም። በዘመድ ቤት ነው፤ በአንዲት ዘመዱ ቤት፣ ለሳምንታት። ከተነሣ በኋላ ጠጠሩን የሚያኖርበት ማኅደር አሠራለት፤ ዓመት በመጣ ቁጥርም በዚያች ቀን ዘመድ ወዳጁን ጠርቶ ግብዣ ማድረግን ልማድ አደረገ። ልክ እንደኛ ዝክር! ዝነኛ የሆነበትን የዕለት ማስታወሻ የጀመረው ከሕክምናው ሁለት ዓመት ያህል በኋላ ነው። በጠጠሩ ሞቶ ቢሆን ኖሮ፣ የለንደንን ወረርሽኝና ታላቁን ቃጠሎ በዓይኑ ያየውን ያህል የሚነግረን አናገኝም ነበር።

የሙያው ታሪክ ደግሞ ከሰዎቹ ታሪክ አያንስም። ሐኪሞች በሂፖክራተስ ስም የሚምሉት ጥንታዊው መሐላ፣ ጠጠር ያለበትን ሰው አልቀድም፣ ለባለሙያዎቹ እተዋለሁ የሚል ቃል አለበት። እንዲህ በስሙ ተለይቶ የተጠቀሰ ቀዶ ጥገና እሱ ብቻ ነው። የፋርሱ አል ራዚ በኩላሊትና በፊኛ ጠጠር ላይ ራሱን የቻለ ድርሳን ጻፈ። በኮርዶባ የኖረው አል ዘህራዊ መሣሪያውን ሣለ፣ አወጣጡን አስተማረ። ቢላው የሚነካው ግን በአብዛኛው የፊኛውን ጠጠር ነበር፤ ኩላሊት ራሱን ለመንካት የደፈረ ጥቂት ነው። ሄንሪ ሞሪስ የተባለ እንግሊዛዊ ኩላሊትን ከፍቶ ጠጠር ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1880 ነው። ልክ በመቶ ዓመቱ፣ በ1980፣ ሙኒክ ከተማ ክርስቲያን ሾሲ የተባለ ሐኪም ያለ ቢላ፣ ከውጭ በሚላክ የድምፅ ሞገድ ጠጠርን ፈጨ። የሰው ልጅ ከገመድ ወደ ሞገድ ለመድረስ ሦስት መቶ ዓመት ብቻ ነው የፈጀበት።

ሐረርስ?

ሐረርን ያወቀ ሁሉ ራምቦን ያውቃል። ገጣሚው ብዕሩን ጥሎ እዚህ ነጋዴ ሆነ። ጉልበቱ አብጦ መራመድ ሲያቅተው፣ በ1883 ዓ.ም. በመጋቢት መጨረሻ፣ ራሱ ነድፎ ባሠራው የሸራ ቃሬዛ ላይ ተኝቶ 16 ሸካሚዎች እየተፈራረቁ ተሸክመው በበረሃው ወደ ዘይላ ወረዱ። ከዘይላ ወደ ኤደን፣ ከኤደን ወደ ማርሴይ። ማርሴይ ላይ እግሩ ተቆረጠ። ከዚያ በኋላ ያሉትን ወራት የሚተርከው ሰው ጥቂት ነው፤ ለኔ ግን አሁን እነሱ ናቸው ታሪኩ። በእንጨት ምርኩዝ መቆም መማር፣ የእንጨት እግር መሞከርና መጣል፣ እናቱ እርሻ ውስጥ ተቀምጦ ወደ ሐረር መመለስን ማለም። በነሐሴ ወር፣ ገና ሳያገግም፣ ወደ ደቡብ ልሂድ ብሎ ተነሣ፤ ማርሴይን አላለፋትም። በኅዳር 1884 ዓ.ም. እዚያው ሞተ። ቢላው በጊዜው ነበር የመጣለት ወይስ ዘግይቶ፣ ሐኪሞች ይከራከሩበት። እኔ የማየው ማገገሚያ ያጣ ሰው ነው።

ራምቦ በቃሬዛ ከሄደ ከዐሥር ዓመት ጥቂት ቢያልፍ ነው፤ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ላይ ራስ መኰንን በሐረር ሆስፒታል አቋቋሙ። የመራው ከጓድሎፕ ደሴት የተገኘው ጥቁር ሐኪም ዶክተር ዦዜፍ ቪታልያን ነው፤ በኋላ የዳግማዊ ምኒልክ ሐኪም ሆኗል። ከተማዋ በአገራችን የዘመናዊ ሕክምና ታሪክ ውስጥ ከቀዳሚዎቹ መንደሮች አንዷ ናት። እስኪ ይህንንም አስቡት፦ መጋቢት 20 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣልያን አውሮፕላኖች ሐረርን ሲደበድቡ፣ ቦምቡ የቀይ መስቀል ምልክት በነበረባቸው የሕክምና ሥፍራዎችም ላይ ወረደ። የአውሮፕላን ሜዳ በተባለ ወረዳ ተኝቼ ይህን ሳስብ፣ ያን ቀን ጎኑ ተሰፍቶ አልጋ ላይ የነበረ፣ መሮጥ ያልቻለ ሰው መጣብኝ። የታሪክ መጻሕፍት የቦምቡን ቁጥር ይጽፋሉ። ያንን ሰው ማን አነሣው? ማን ውሃ አጠጣው?

ውሃ አጠጣው ካልኩ ወደ ውሃዬ ልመለስ።

በዘጠነኛው ቀን ይመስለኛል፣ ከወትሮው ቀደም ብዬ ነቃሁ። ገና አልነጋም። የቤቱ የልጅ ልጅ፣ ዐሥራ አንድ ዓመት ቢሆናት ነው፣ አህያዋ ላይ አራት ቢጫ ጀሪካን ጭና ስትወጣ አየኋት። የተመለሰችው ፀሐይ ከፍ ካለ በኋላ ነው። ቦኖው በወረፋ ነው፤ የማይመጣባቸውም ቀናት አሉ፤ ያኔ ከቦኖው የሚርቀው ምንጭ ጋ ይኬዳል። ትምህርት ቤት? «ዛሬ ረፍዷል» አለኝ አጎቷ፣ መምህሩ ተማሪዬ፣ ዓይኑን ሰብሮ።

ሒሳብ አልወድም፤ ግን ተኝቶ የሚውል ሰው ይቆጥራል። አራት ጀሪካን ሰማንያ ሊትር ነው። በቤቱ ከኔ ጋር ሰባት ነን፤ ለአንድ ሰው ዐሥራ አንድ ሊትር ተኩል አይሞላም። ማብሰያው፣ ማጠቢያው፣ የሶላት ውዱዑ፣ የላሟ መጠጥ ሁሉ ከዚሁ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ሰው ለመሠረታዊ ፍላጎት ብቻ በቀን ሃያ ሊትር ይላል። እኔ ብቻዬን ለመጠጥ ሦስት ሊትር ስወስድ፣ በሳምንት ሃያ አንድ ሊትር፣ አንድ ሙሉ ጀሪካን አልፌ እጠጣለሁ። ያቺ ልጅ ከተሸከመቻቸው፣ አህያዋ ካጎነበሰችባቸው ጀሪካኖች አንዱ በየሳምንቱ በኔ ኩላሊት ውስጥ ያልፋል።

ታዲያ ከማን ድርሻ ነው የተቀነሰው?

መልሱን ያገኘሁት ማታ ነው። እናትየዋ ከመደቡ ሲነሡ እጃቸው ወደ ጎናቸው ሄደ። ያቺን አያያዝ አውቃታለሁ! አውራ ጣት ወደፊት፣ መዳፍ ከጎድን አጥንት ሥር፣ ትንፋሽ ቆረጥ። ተማሪዬን ጠየቅሁት። «እሷማ ጎኗን ሁልጊዜ ያማታል ጋሼ። የብርድ ነው ትላለች። ቅቤ ትቀባዋለች።» በቀን ስንት ትጠጣለች? ሳቀ። «እሷ ውሃ አትወድም። ጠዋት ቁቲዋን ትጠጣለች፣ ማታ ትንሽ። ልጅ ሆነን ጀምሮ እንዲያ ናት።»

ውሃ አትወድም! አንባቢዬ ሆይ፣ ውሃ የማይወድ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ስድሳ ዓመት ሙሉ ውሃ በጀርባዋ የተሸከመች ሴት፣ ጥማትን እንደ ጠባይ ለምዳ፣ ቤተሰቧንም «አትወድም» ብላ አሳምናለች። እንግዳ ሲመጣም ከዚያች ከትንሿ ላይ ቀንሳ «ዱጋ!» ትላለች።

ጠጠር እንዴት እንደሚሠራ ሐኪሙ ነግሮኝ ነበር። ኩላሊት ከደም ያጣራው ጨውና ማዕድን በሽንት ውስጥ ሟሙቶ ይወጣል። አብዛኛው ጠጠር ካልሲየምና ኦክሳሌት የሚባሉት ተጣምረው የሚሠሩት ነው። ውሃው በቂ ሲሆን ሁለቱም ሟሙተው ያልፋሉ፤ ውሃው ሲያንስ ይገናኛሉ፣ ይጋገራሉ፣ በአሸዋ ላይ አሸዋ ይቆለላል። ሕመም የለውም፣ ድምፅ የለውም። ዓመታት ይፈጃል። አንድ ቀን ግን መተላለፊያው ላይ ይቀረቀርና ሰው ያስጮኻል። ለዚህ ነው በሽታው ሞቃትና ውሃ አጠር አገሮች ውስጥ የሚበረታው። ለዚህም ነው አንዴ ጠጠር የወጣለት ሰው ካልተጠነቀቀ፣ ከሁለት አንዱ ያህል በዐሥር ዓመት ውስጥ እንደገና ጠጠር የሚያበቅለው። ቢላው ጠጠሩን ያወጣል እንጂ ድርቀቱን አያወጣም።

ይህን ሳስብ ሐሮማያ ትዝ አለኝ። ከዚህ ሩቅ አይደለም፤ ከሐረር ወደ ድሬዳዋ መንገድ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የኛ ዘመን ሰዎች አለማያ ብለን ነው የምናውቀው። በወጣትነቴ በዚያ ሳልፍ ከአውቶቡስ መስኮት በስተግራ በስተቀኝ እየተንጠራራን ሐይቁን እናይ ነበር። በ1940ዎቹ የተመሠረተው የእርሻ ኮሌጅ፣ የዛሬው ዩኒቨርሲቲ፣ ዳርቻው ላይ ነው የተቀመጠው። ከ1950ዎቹ ጀምሮ የሐረር ከተማ የቧንቧ ውሃ የሚመጣው ከዚያ ነበር። ሐረር ለአርባ ዓመት ያህል ከአንድ ሐይቅ ጠጣች።

ሐይቁንም ብዙ ሰው ጠጣው። ከተማዋ ጠጣችው። ገበሬው በሞተር ፓምፕ እየሳበ ጫቱንና ድንቹን አጠጣበት፤ ገበያው አለ፣ ልጆች አሉበት፣ አይፈረድበትም። ዙሪያው ያለው ኮረብታ ዛፉ ተመንጥሮ ነበርና ዝናብ በመጣ ቁጥር አፈሩን ይዞ ወደ ሐይቁ ወረደ፤ ሆዱ በደለል ሞላ። ፀሐይም ድርሻዋን ወሰደች። «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» እንላለን፤ ለካ ውሃ ራሱም ሲሄድ እያሳሳቀ ነው። ዳርቻው በሸሸ ቁጥር አዲስ መሬት ተገኘ ተብሎ ይታረስ ነበር። የጨው ገደል ሲናድ ሞኝ ይልሳል፣ ብልህ ያለቅሳል። በ1990ዎቹ አጋማሽ ሐይቁ ደረቀ። ዓሣ ይጠመድበት የነበረው ሥፍራ ተሰነጣጠቀ፤ ከብት ዋለበት። የሐረር ቧንቧም አብሮ ደረቀ።

እንግዲህ ሐኪሙ በኩላሊት የነገረኝና በሐይቁ የሆነው አንድ ነው። ከሚገባው የሚወጣው በለጠ፤ የቀረው ተጋገረ። ሕመም የለውም፣ ድምፅ የለውም፣ ዓመታት ይፈጃል፤ አንድ ቀን ያስጮኻል።

ለሐረር ጩኸት የተገኘው መፍትሔ ቀዶ ጥገና ነበር ማለት ይቻላል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ፣ በአፍሪካ ልማት ባንክ ገንዘብ ጭምር፣ ከድሬዳዋ ወዲያ ካለው ከድሬ ጃራ የጉድጓድ ውሃ በሰባ ኪሎ ሜትር ገደማ ቧንቧ፣ ከቆላው ወደ ደጋው በፓምፕ ሽቅብ እየተገፋ ሐረር ገባ። ትልቅ ሥራ ነው፤ የሠሩት ይመስገኑ። ነገር ግን ሽቅብ የሚገፋ ውሃ መብራት ይፈልጋል፣ መለዋወጫ ይፈልጋል፣ መስመሩ በሚያልፍባቸው መንደሮች ሰላምና ስምምነት ይፈልጋል። በ2011 ዓ.ም. መባቻ መስመሩ ተቋርጦ ከተማዋ ለሳምንታት በጀሪካን የከረመችበትን ጊዜ ሐረሮች አይረሱትም። «ከተማው ሲጠማ የኛ ምንጭ ወረፋ ይረዝማል» አለኝ ተማሪዬ። የከተማ ጥማት ገጠር ድረስ እግር አለው።

ደስ የሚለው፣ ባለፉት ጥቂት ዓመታት ሐሮማያ ውሃ መልሶ ይዟል። ዝናብ በጀ፣ በዙሪያው ተራሮች እርከን ተሠራ፣ ዛፍ ተተከለ፣ ፓምፑም ተገታ። ሞተ ያልነው ሐይቅ ተነሣ። እኔ ግን አሁን በሽተኛ ነኝና እንደ በሽተኛ ነው የማየው፦ ተነሣ ማለት ዳነ ማለት አይደለም። እያገገመ ነው። ያገገመ ሰው ደግሞ ጠላቱ «ድኛለሁ» ማለቱ ነው። ዳርቻው እንደ ዱሮው ከታረሰ፣ ፓምፑ ከተመለሰ፣ ከሁለት አንዱ ያገረሸበታል።

ሦስቱ ሳምንት ሲያልቅ ለምርመራ ወደ ሐረር ስሄድ፣ እናትየዋንም ይዘናቸው ሄድን። እንቢ ብለው ነበር፤ «እኔ ምን ሆንኩ» ብለው። የአልትራሳውንዱ ባለሙያ በቀኝ ኩላሊታቸው ላይ አንዲት ነጭ ነጥብ አሳየን። ስድስት ሚሊ ሜትር። ሐኪሙ ፊቱ አልከፋም፤ እንዲህ ያለው ትንሽ ጠጠር በውሃ ብቻ የመውጣት ዕድል አለው አለን። ቀጥሎ አውራ ጣቱን ያዘ። ምን እንደሚል አወቅሁ። «ውሃ! በቀን ሦስት ሊትር።»

ልጃቸው ተረጎመላቸው። እሳቸው መጀመሪያ ሐኪሙን፣ ቀጥሎ እኔን አዩ፤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከዚያ በኦሮምኛ አንድ ነገር ተናገሩ። ሐኪሙ አንገቱን ደፋ። «ምን አሉ?» አልኩ። ተማሪዬ ትንሽ ዝም ብሎ፣ «ማዘዣውን ጻፍ፤ ከየትኛው ፋርማሲ እንደሚገዛም ጨምርበት፣ ነው ያለችው» አለኝ።

ፒፕስ ለጠጠሩ ማኅደር አሠራ፤ እኔ ለጠጠሬ ሮቶ ገዛሁለት። አንድ ሺህ ሊትር የሚይዝ ጥቁር ሮቶ። የእናትየዋ ቤት ቆርቆሮ ነው፤ አሸንዳ ተገጠመለት፤ ከአሸንዳው ወደ ሮቶው ቱቦ ወረደ። የሥነ ጽሑፍ መምህር ነኝ እንጂ መሐንዲስ አይደለሁም፤ ይህ የአገርን የውሃ ችግር እንደማይፈታ አውቃለሁ። የመንግሥትን ሥራ መንግሥት ይሥራ፤ የሐይቁንም ጉዳይ ሐይቁን የጠጡት ሁሉ ይነጋገሩበት። እኔ የጠጣሁትን ጀሪካን ነው የመለስኩት። ሦስት ሳምንት፣ ስልሳ ሦስት ሊትር፤ ከነወለዱ እንበል።

በሐምሌ ተማሪዬ ስልክ ደወለ። ዝናቡ ሦስት ቀን ጥሎ ሮቶው ሞልቷል። ልጅቷ ያን ሳምንት አንድም ቀን ከትምህርት ቤት አልቀረችም። «እናቴስ?» ስለው ሳቀ። «መጀመሪያ ለጎረቤት ሁለት ሁለት ጀሪካን አደለች። ከዚያ ላሟን አጠጣች።»

«እሷስ? እሷ ትጠጣለች ወይ?»

«ቆይ ላገናኝዎት» አለኝ። ስልኩ ውስጥ የዝናብ ድምፅ በቆርቆሮው ላይ ይሰማል። ድምፃቸው መጣ። ሰላምታ አላበዙም። እንደ ሐኪሙ እየቆጠሩ፣ በዚያች በጥቂቷ አማርኛቸው፣ «አራት ብርጭቆ» አሉኝ። ቀጠል አድርገውም፣ እንደ ዱሮው፣ «አንተስ? ዱጋ!»

ብርጭቆዬን አነሣሁ።